የእሳት ዘመድ

ፊሽካ የሰው ጥርስ የሚያወልቀው ካፏጨ በኋላ ነው። ሳያፏጭ ሰው ሲመታ አላየሁም፤ ይህን ያህል እንኳ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን የብረት ፊሽካ ጭርርር ያደርጋታል፣ የነዳጅ ሰልፉ ሁሉ አንገቱን ይቀብራል፣ ከዚያ በእጁ የያዘው የብረት ፌሮ ይወርዳል። በዚያን ቀን የወረደው አንድ ባለታክሲ መንጋጋ ላይ ነበር። ሰውየው ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፎ "ልጄ ታማብኝ፣ ሐኪም ቤት ላደርሳት..." እያለ ነው የመታው። መንጋጋው ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። ሰውየው ወደቀ፤ ጀሪካኑን ግን አልለቀቀም። ፊሽካ ጣቶቹን በጫማው እየረገጠ አስለቀቀው።

"ተራ ነው!" አለ ወደ ሰልፉ ዞሮ። "ተራ የማያከብር ሰው ጥርስ ምን ያደርግለታል!"

ሳቅን። ምን እናድርግ? ፊሽካ ቀልዶ ያልሳቀ ሰው፣ ቀጣዩ ቀልድ እሱ ራሱ ነበር።

ይሄ ፊሽካ ድሮ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። "ግባ፣ ውጣ፣ ጠጋ በል" ከማለት በቀር ሥራ አልነበረውም። ነዳጅ መሳሳት ሲጀምር ማደያዎቹ ሰልፉን እንዲያስይዝላቸው ጠሩት። ሰልፉ ረዘመ፤ ፊሽካም አብሮ ረዘመ። ቀጥሎ ሰልፉ የሱ ሆነ፣ ቀጥሎ ማደያው፣ በመጨረሻ መንገዱ። ፌሮ የያዙ ጎረምሶች ከኋላው አሰለፈና፣ በየግቢው እየገባ ከቆመ መኪና ሆድ ነዳጅ መጥባት ጀመረ። ከልካይ አልነበረውም። ፖሊሶቹም መኪናቸው ነዳጅ ስለሌላት በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ በእግሩ የሚሄድ ፖሊስ ደግሞ እንደማንኛችንም ሰው ነው፣ መንገድ ይለቃል።

እኔ ቀደዳው እባላለሁ። ስሙን ያወጣልኝ ሰፈሩ ነው፤ ምክንያቱን አልጠይቅም። ትምህርት ቤት የሄድኩት ክፍልፋይ እስኪመጣ ነበር። ግማሽና ሩብ ሲሉኝ "ሙሉውን ማን ወሰደው?" ብዬ ጠየቅሁ፣ አስተማሪው አስወጣኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በታላቅ ወንድሜ በጋሼ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። እሱ ብረት ይበይዳል፣ እኔ ወሬ እበይዳለሁ፤ የሱ ብየዳ ግን አይለቅም።

የነዳጁን ነገር ጋሼ ቀድሞ ነው ያወቀው። ሰው ሁሉ ማደያ ሄዶ "ሙላው!" በሚልበት ዘመን፣ ጋሼ ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር አድርጎ ይቀመጥና "ይሄ ነገር አያዛልቅም" ይል ነበር።

"ጋሼ፣ ምድር እኮ ሰፊ ናት" እለዋለሁ።

"ጭማቂ በቀጭን ቱቦ ጠጥተህ ታውቃለህ?"

"ከፋይ ካለ።"

"መጀመሪያ ሳትለፋ ይመጣልሃል። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጉንጭህን ታስገባለህ። መጨረሻ ላይ ድምፅ ብቻ ነው፤ ጉርርር። አየህ፣ ሰው ጠብ የሚጀምረው ብርጭቆው ባዶ ሲሆን አይደለም። ግማሹ ላይ፣ 'የቀረው ለማን ነው?' የተባለ ቀን ነው።"

ይሄን ብሎ ዝም አላለም። ባዶ በርሜል ከያለበት እየሰበሰበ ይቆርጥ ጀመር። ከታች ከሰል ይነዳል፣ ጭሱ በቱቦ ዞሮ ይጣራል፣ የጠራው ጋዝ ሞተር ውስጥ ይገባል፣ ሞተሩ ያለ ነዳጅ ይዞራል። እኔም ገባኝ ስል ሰው ይስቅብኛል፣ ግን ገብቶኛል። የመጀመሪያውን የከሰል ምድጃ የሚገጥመው ለባለወፍጮዋ ነበር። ወፍጮዋ ከቆመ ሰንብቷል፤ ሰፈሩ እህሉን በድንጋይ እየፈጨ መዳፉ ተልጧል። ሴቶቹ ጋሼን ባዩት ቁጥር "እጅህ ይባረክ፣ እጅህን ክፉ አይንካው" ይሉታል። እጁን ነው የሚመርቁት። እንዲያ የሚበይድ እጅ በሰፈሩ ሌላ አልነበረማ።

አሁን የበርሜሉን ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ።

ቤንዚን የነበረበትን ባዶ በርሜል እሳት ይዘህ አትጠጋም። ጋሼ ይሄን እንደ ጸሎት ነው ያስጠናኝ። "ናፍጣ ሰነፍ ነው፤ ክብሪት ብትጥልበት ክብሪቱን አጥፍቶ ይተኛል። ቤንዚን ግን ትንፋሹ ነው ገዳይ። ከሙሉ በርሜል ይልቅ ባዶውን ፍራ፤ ባዶው በትንፋሽ የተሞላ ነው።" ስለዚህ አንድ በርሜል ከመቁረጡ በፊት እስከ አፉ ውሃ ይሞላል፣ ትንፋሹ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ እሳት ይነካዋል። ውሃ የሚሞላው ማን ነው? እኔ። ከጉድጓድ በባልዲ። እዚያ ግቢ ውስጥ ያፈሰስኩት ውሃ መርከብ ያንሳፍፍ ነበር ብል ጋሼ ራሱ አይክደኝም።

አንድ ቀን ታዲያ ፊሽካ አንድ የጭነት መኪና አስቁሞ የነዳጅ ጋኑን ከፈተ። ምን ያህል እንዳለ ለማየት ላይተሩን ጫረና የጋኑ አፍ ላይ ያዘው። ሾፌሩ "ኧረ በእናትህ!" ብሎ ሮጠ፣ ሰልፈኛው ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ። ምንም አልሆነም። ፊሽካ ቀስ ብሎ አጎንብሶ አየ፣ ላይተሩን ዘጋ፣ ሳቀ። የጭነት መኪና ነው፣ ናፍጣ ነው፤ እኔ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር አይቶ "ናፍጣ ስለሆነ ነው" የሚል ሰው ወሬ አያውቅበትም።

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩና እንዲህ አልኩ፦ "ፊሽካን እናቱ የወለደችው ማደያ ውስጥ ነው። አዋላጇ ውሃ አጥታ በነዳጅ አጠበችው። ቀጥላ ክብሪት ስትጭር እሳቱ ልጁን አየና 'የአክስቴ ልጅ!' ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እሳት ፊሽካን አይነካም፤ ሥጋ ዘመድ ናቸው።"

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ይቺኛዋ ግን እያደረች ከበደች። ከሰፈር ሰፈር ዞራ፣ ሰብታ፣ ፂም አብቅላ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ፊሽካ ራሱ ትከሻዬን አቅፎ "ቀደዳው፣ እኔ እንዴት እንደተወለድኩ ታውቃለህ?" ብሎ የገዛ ውሸቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከልኝ። እናቱን ምስክር ጠርቶ ማለልኝ። እንዲያውም እኔ ያላልኩትን ጨመረ፦ በሕፃንነቱ ፍም ይዞ ይጫወት ነበር አለ። አፌን ከፍቼ ሰማሁት። ከኔ የበለጠ ቀዳጅ ያየሁት ያኔ ነው፣ እሱ ግን አምኖት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይተሩን ሳይጭር ጋን አይከፍትም ነበር፤ የሚከፍታቸው ደግሞ የጭነት መኪኖች ነበሩ፣ የቤንዚኖቹ ቀድመው ደርቀዋል።

የጋሼ ግቢ ውስጥ እስከ አፋቸው የሞሉ በርሜሎች መደርደራቸውን አንድ ሰው በአጥር አየ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ፤ ላያቸው ላይ የድሮው ቅባት ይንሳፈፋል። ወሬው ወጣ፦ "በያጁ ነዳጅ ደብቋል።" ለአንዴ እንኳ ወሬውን ያወጣሁት እኔ አልነበርኩም።

ፀሐይ ሳይሞቅ መጡ። የግቢውን በር በፒክአፕ ነው የደረመሱት። እኔ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጓሮ ግንቡ ሥር ገና ትናንት የመጣ አንድ ባዶ በርሜል አለ፣ ልሞላው ልጀምር ነው። ፊሽካ አፏጨ። ባልዲው ከእጄ ወደቀ።

"ቀደዳው!" አለ በርሜሎቹን እያየ። ዓይኑ የሙሽራ ዓይን ሆነ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው" አልኩት።

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ጣቱን በርሜል ውስጥ ነክሮ አሸተተና "ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይላል!" አለ።

"እውነቴን ነው፣ ውሃ ነው። በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት።"

"አንተ እውነት ከተናገርክ" አለ ፊሽካ፣ "እኔም ነገ እመነኩሳለሁ።"

ጋሼ ከቤት ወጣ። "ውሃ ነው ወንድሜ፤ ለብየዳ ነው" ሲል ፌሮው ትከሻው ላይ አረፈና ተንበረከከ። በርሜሎቹን ጫኑ። ፒክአፑንና የመጡባቸውን ሞተር ሳይክሎችም እዚያው በቱቦ ሞሏቸው፤ ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት ሲወርድ ማን ውሃ ይለዋል? በጥድፊያ ነበር፤ ሰው ሲጓጓ አፍንጫ እንጂ ዓይን የለውም።

ማደያው አጠገብ ያለው ድልድይ ጋ ደረሱ። መጀመሪያ አንዱ ሞተር ሳይክል ሳል ያዘው። ቀጥሎ ሌላው። ፒክአፑ አንድ ጊዜ ፈነጠረና እንደ አኮረፈች በቅሎ ቀጥ አለ። ሰልፈኛው፣ የተሰበረ መንጋጋው በጨርቅ የታሰረው ባለታክሲ ጭምር፣ ይሄን አየ። ሳቀም። ጨርቁ ውስጥ፣ እየጮኸ፣ እያመመው ሳቀ። የዚያን ቀን ሰፈሩ የሳቀው ታዞ አልነበረም።

ምን ዋጋ አለው፣ የተሳቀበት ሰው ከተራበ ጅብ ይከፋል።

ከሰዓት በእግራቸው ተመለሱ። አሁን ፊሽካ አላፏጨም።

መጀመሪያ ያገኙት የጋሼን ሚስት፣ እታለምን ነው። በሩ ላይ ትልቁን የሞተር መፍቻ ይዛ ቆማ ነበር። የመጀመሪያውን ጎረምሳ ጉልበቱን ስትለው ሎሚ እንደረገጠ ሰው ተንሸራቶ ወደቀና ሲጮህ ቀረ። ሁለተኛው ከኋላ ፀጉሯን ያዘ፣ ሦስተኛው ሆዷን በጫማ መታት፤ ወለሉ ላይ ጥለው አንገቷ ላይ ቆሙባት። ጋሼን ወደ ውስጥ ጎትተው ቀኝ እጁን ሞርሳ ውስጥ አስገቡት። ሞርሳ ማለት ብረት ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ ነው፤ ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ብረት አስነክሶታል። ፊሽካ ራሱ እጀታውን ጠመዘዘው።

"ውሃ አጠጣኸኝ" አለ። "ሰው ፊት ውሃ አጠጣኸኝ። እውነተኛው ነዳጅ የት ነው?"

"የለም" አለ ጋሼ። "አልነበረም።"

ፊሽካ ጠመዘዘ። ትንሿ ጣት ስትሄድ እንደ ባቄላ ገለባ ነው የጮኸችው። ጋሼ አልጮኸም፤ ጥርሱን ነከሰና ላብ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ። እታለም ከወለሉ "እጁን! እጁን ተዉት!" ትላለች፣ ድምፅዋ ከጫማው ሥር እየተጨመቀ።

"የት ነው?"

"የለም ብዬሃለሁ።"

ጠመዘዘ። ቀጣዩዋ ጣት ሄደች። አሁን ጋሼ ጮኸ። ሞርሳው ላይ ደሙ ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ወደ ወለሉ ወረደ። የቀሩት አውራ ጣቱና ሁለቱ ናቸው፤ ብየዳ የሚይዙት፣ ሰፈሩ የመረቃቸው።

እውነት ተነግሮ አልቆ ነበር። የቀረው የኔ ሙያ ነው።

"እኔ አሳይሃለሁ!" አልኩ። "ጓሮ ነው! ግንቡ ሥር፣ አንዱ በርሜል! ንጹሕ ቤንዚን ነው፣ የውሃዎቹ ለማታለያ ነው የተደረደሩት!"

ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይናችን ተገጣጠመ። ያ በርሜል ባዶ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ ውሃ አለመሞላቱንም ያውቃል። ዓይኑን ወደ ሞርሳው መለሰ።

ፊሽካ ሞርሳውን እንዳለ ትቶት ኮሌታዬን ያዘ። "ከዋሸህ፣ ቀጥሎ የሚገባው ጭንቅላትህ ነው" አለኝ፤ ወደ ሞርሳው እያየ። አንዱን ጎረምሳ አስከትሎ፣ እኔን ፊት ፊት እየገፋ ጓሮ ወጣን። እግሬ የሄደው እኔን ይዞ እንጂ እኔ ይዤው አይደለም።

ልቤ ያሰበው ምን ነበር? ክዳኑ ዝጎ ተጣብቋል፣ እስኪከፈት ጊዜ ይገኛል፣ ሰፈሩ ይሰማ ይሆናል፣ እኔም ግንቡን እዘላለሁ... እንዲህ ያለ የተበጣጠሰ ነገር ነው። ክዳኑ ግን በአንድ ምት ተከፈተ። ትንፋሹ ወጣ። ዓይን የሚያስለቅስ፣ ራስ የሚያዞር ቤንዚን። ፀሐይ ሲያገላብጠው የዋለ በርሜል ነው።

"እሰይ!" አለ ጎረምሳው። "ይሄ ነው እንጂ!"

ፊሽካ በረጅሙ ሳበና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ላይተሩን አውጥቶ፣ ሊጭረው ሲል ቆመ፣ ፈገግ አለና ለኔ ዘረጋልኝ።

"አንተ እይልን" አለ። "አብራና ምን ድረስ እንደሆነ ንገረን።"

ላይተሩ መዳፌ ላይ ነው። ብረቱ ይሞቃል፣ ኪሱ ውስጥ ስለነበር። አንድ ሺህ ውሸት የሚያውቅ ምላሴ ተጣበቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ውሸት ፈልጌ አላውቅም፤ ከያለበት ጠራሁት፣ አንድም አልመጣም። የመጣው እውነቱ ነው።

"ባዶ ነው" አልኩት። "ፊሽካ፣ ባዶ ነው። አንድ ጠብታ የለውም። እሳት አታስጠጋው፣ ይገድለናል። ቤንዚን ነው፣ ናፍጣ አይደለም። የዘመድነቱን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ፀጉር አስተካካዩን ጠይቀው። በእናትህ አታብራ!"

እጄ ላይ ያለውን ላይተር አየ። ያመነኝ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ከጎን ከጎኑ ሳቅ እየገባበት ነው።

"አየኸው?" አለ ለጎረምሳው። "ባዶ ነው ይላል! ጠዋት ሙሉውን 'ውሃ ነው' አለ፣ አሁን ይሄን 'ባዶ ነው' ይላል! ሙሉ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ይርገበገብ ነበር?"

"ፊሽካ፣ ጠዋትም እኮ እውነት ነበር..."

"የእናቴንም ታሪክ አንተ ፈጠርከው?" አለ። እዚህ ላይ ሳቁ ጠፋ። የምር ነው ያስቀየምኩት። ላይተሩን ከእጄ መንጭቆ ደረቴን በጫማው አለኝ። ከኋላዬ የጋሼ የድንጋይ ውሃ ገንዳ ነበር፤ ጀርባዬ ጠርዙን መትቶ ተገለበጥኩና ከገንዳው ወዲያ፣ ጭቃው ውስጥ በአፌ ተደፋሁ።

መጨረሻ የሰማሁት ላይተሩ ሲጫር ነው። ጭክ።

የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ይሄ መጨመር አያስፈልገውም። ምድር አንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሳች። የገንዳው ድንጋይ ለሁለት ተሰነጠቀና ውሃው በላዬ ፈሰሰ። ድምፁን አልሰማሁትም፤ ግራ ጆሮዬ ያኔ ነው የሞተው። የበርሜሉ ቂጥ ግንቡን በስቶ ጎረቤት ግቢ ገባ። ጎረምሳው ከወገቡ በላይ አጥሩ ላይ ነበር፤ ከወገቡ በታች የቆመበት ቦታ ላይ። ፊሽካን በአንድ ቦታ አላገኘነውም። እሳት ዘመዱን ሲያገኝ እንዴት እንደሚስም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ውስጥ የነበሩት ጎረምሶች በደረመሱት በር ወጥተው ሮጡ፤ ጉልበቱ የተሰበረው ሳይቀር በአንድ እግሩ ቀደማቸው ይባላል። በሩ ላይ ግን ሰልፈኛው ፍንዳታውን ሰምቶ ደርሶ ነበር። ጀሪካን፣ ድንጋይ፣ የመኪና ክሪክ፣ በእጁ ያለውን የያዘ ሰው ሁሉ። ባለታክሲው ከፊት ነበር። አንደኛውን ጎረምሳ ወድቆ እንኳ ሲመቱት ነበር፣ መሬት ሆኖ እንኳ ሲመቱት ነበር። ያን ጊዜ ተራ ያስከበረ ሰው አልነበረም።

ጭቃዬን ለብሼ ስገባ እታለም በሁለት እጇ የሞርሳውን እጀታ ወደ ኋላ እየመለሰች ነው። አንገቷ ላይ የጫማው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጋሼ እጁን አወጣው። ሁለቱ ጣቶች ጣት አይደሉም። ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ። አንቀሳቀሳቸው፣ አያቸው፣ ደግሞ አንቀሳቀሳቸው፣ ከዚያ ራሱን ሳተ።

የባለወፍጮዋ ሞተር የተነሳው ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። ጋሼ መበየጃውን በሦስት ጣት ይዞ፣ እኔ ብረቱን ደግፌለት፣ እታለም ከሰሉን እያራገበች። ሞተሩ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ እኛንም ተሳደበ መሰለኝ፣ ከዚያ ዞረ። ሴቶቹ እልል ብለው የጋሼን ግንባር ዱቄት ቀቡት። አንዷ እጁን አንስታ ሳመችው፣ በጎደለው በኩል።

ያቺን የብረት ፊሽካ የፀጉር አስተካካዩ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተሰክታ አገኟት። ነፋስ ሲነሳ ታፏጫለች ይላሉ፤ ሰውም ሳያውቀው ሰልፍ ይይዛል ይላሉ። ፊሽካ አልሞተም፣ እሳት ወስዶ ቤቱ አስቀመጠው የሚሉም አሉ። አንዱንም እኔ አላወራሁም። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ስሄድ ፀጉሬን ብቻ ነው የምቆረጠው።

አንድ ቀን ጋሼ አዲስ በርሜል አስመጥቶ እጁን እያሻሸ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ነገርከው?" አለኝ።

"ነገርኩት። ባዶ ነው፣ አታብራ አልኩት። ለመንኩት እኮ ጋሼ።"

"ያምነኛል ብለህ ነው ወይስ አያምነኝም ብለህ?"

ለዚህ መልስ አጥቼ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እኔ፣ ቀደዳው! ጋሼ በሦስቱ ጣቶቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ተነሳ።

"በል ሙላው" አለ።

ባልዲውን አንስቼ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ።